ወንበርና አባል፤ ስለ አምስተኛው የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የሥራ ዘመን (2008–2014 ዓ.ም.)

የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አባላት ስንት ናቸው ተብሎ ቢጠየቅ፣ በወልቂጤም ሆነ በቡታጅራ ያለ ተማሪ 547 ብሎ መመለሱ አይቀርም። ይህ መልስ የሚነግረን የወንበሩን ቁጥር እንጂ የሰዎቹን ቁጥር አይደለም። አባል ይሞታል፤ በፈቃዱ ይለቃል፤ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 54 መሠረትም መራጩ ሕዝብ አመኔታ ሲያጣበት ውክልናውን ያጣል። ወንበሩ ግን ባዶም ቢሆን ከቁጥር አይጎድልም። ይህ ልዩነት ምን ያህል ክብደት እንዳለው ለመመርመር አምስተኛውን የሥራ ዘመን መርጠናል።

ምርጫው የተካሄደው ግንቦት 16 ቀን 2007 ሲሆን ምክር ቤቱ ሥራውን የጀመረው መስከረም 24 ቀን 2008 ነው። ኢሕአዴግ 500 ወንበር አገኘ፤ የቀረውንም አጋር ድርጅቶች ስለ ያዙት አንድ ተቃዋሚ እንኳ አልገባም። ወልቂጤና ቡታጅራ በዚያን ጊዜ ሁለቱም በደቡብ ክልል በጉራጌ ዞን ሥር ነበሩ፤ ለክልሉ የተመደበውም ወንበር 123 ነበር። አዳራሹ በአንድ ድምፅ በሚናገርበት ጊዜ ጥቂት ሰው ቢጎድል ማንም ልብ አይለውም። ተራ ሕግ የሚያልፈው ከግማሽ በላይ አባላት፣ ማለትም 274 ሰዎች፣ በተገኙበት ስብሰባ ድምፅ ከሰጡት በአብዛኞቹ ነውና።

ነገሩ የተለወጠው በ2010 ዓ.ም. ነው። ጠቅላይ ሚኒስትር ኃይለ ማርያም ደሳለኝ የካቲት 8 ቀን የመልቀቂያ ጥያቄ አቀረቡ፤ በማግሥቱም የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። አዋጁ ስብሰባን የሚከለክልና ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ መያዝን የሚፈቅድ ስለ ነበረ፣ ጉዳዩ ለወልቂጤም ለቡታጅራም ነዋሪ የሩቅ ወሬ አልነበረም። ምክር ቤቱ በዕረፍት ላይ ነበርና አዋጁ በ15 ቀን ውስጥ እንዲቀርብለት ግድ ነበረ፤ የካቲት 23 ቀንም ድምፅ ተሰጠበት። የደገፉት አንድ ጊዜ 346፣ ሌላ ጊዜ 395 ናቸው ተብሎ ተነገረ። የተቃወሙት 88፣ ድምፀ ተአቅቦ ያደረጉት 7 ነበሩ። ከገዥው ግንባርና ከአጋሮቹ ብቻ በተሞላ ምክር ቤት 88 እጅ ለተቃውሞ መነሣቱ ራሱን የቻለ ታሪክ ነው።

ለእኛ ጥናት ዋናው ቁም ነገር ግን ስሌቱ ነው። እንዲህ ላለው አዋጅ ሁለት ሦስተኛ ድምፅ ያስፈልጋል፤ የምኑ ሁለት ሦስተኛ? ከ547ቱ ወንበር ከተቆጠረ 365 ድምፅ ይጠየቃል። በጊዜው ስምንት ወንበር ባዶ ስለ ነበረ በአባልነት ያሉት 539 ነበሩ፤ ከእነርሱ ከተቆጠረ 360 ይበቃል። 346 በሚለው ቁጥር መሠረት ድምፅ ከሰጡት 441 ሰዎች ብቻ ከተቆጠረ ደግሞ 294 በቂ ነው። 346 የሚያልፈው በመጨረሻው ስሌት ብቻ መሆኑን አንባቢ ልብ ይበል። አዋጁ ጸድቋል ተብሎ እስከ ግንቦት 28 ቀን ጸና። በእኛ አስተያየት ሕገ መንግሥቱ በስብሰባ የተገኙትን ለማለት ሲፈልግ በአንቀጽ 59 በግልጽ ተናግሯልና፣ ይህን ባልተናገረበት ቦታ የተገኙትን ብቻ መቁጠር አያስኬድም።

ወንበር ያለው ሰው ማን እንደሆነ ማወቅ በዚያው ወር በሌላ መንገድም አስፈላጊ ሆኖ ተገኘ። ጠቅላይ ሚኒስትር የሚመረጠው ከምክር ቤቱ አባላት መካከል ነው። የኦሕዴድ ሊቀ መንበር የነበሩት አቶ ለማ መገርሳ የፌዴራሉ ምክር ቤት አባል ስላልነበሩ፣ ድርጅቱ አባል የነበሩትን ዶክተር ዐቢይ አሕመድን በእርሳቸው ቦታ ሊቀ መንበር አደረገ፤ እርሳቸውም መጋቢት 24 ቀን 2010 ቃለ መሐላ ፈጸሙ። በ2007 በአንድ የምርጫ ክልል የተሰጠ ድምፅ ከሦስት ዓመት በኋላ የአገር መሪን ወሰነ ማለት ነው።

የቀረውን ባጭሩ እንለፈው። አፈ ጉባኤነቱ ከአቶ አባዱላ ገመዳ ወደ ወይዘሮ ሙፈሪያት ካሚል፣ በጥቅምት 2011 ደግሞ ወደ አቶ ታገሠ ጫፎ ተዛወረ። በ2012 ኢሕአዴግ ፈርሶ ብልጽግና ፓርቲ ሲተካው፣ ከሕወሓት በቀር አብዛኞቹ አባላት ያለ አዲስ ምርጫ የፓርቲ ስማቸው ተለወጠ። ሰኔ 3 ቀን 2012 የፌዴሬሽን ምክር ቤት በወረርሽኙ ምክንያት የሥራ ዘመኑን አራዘመው፤ ስለዚህ አምስት ዓመት የነበረው ስድስት ሆነ። ኅዳር 3 ቀን 2013 የ39 ሰዎች ያለመከሰስ መብት ተነሣ።

መራጩ በዚህ ሁሉ መካከል ያለው መንገድ ጠባብ ነው፤ ወይ ተወካዩን ማንሣት፣ ወይ ለጎደለው ወንበር የማሟያ ምርጫ መጠበቅ። የማሟያ ምርጫ በ2000 ዓ.ም. ተደርጎ ያውቃል። በ2010 ሊደረግ የነበረው የአካባቢና የአዲስ አበባ ምርጫ ግን ተላለፈ።

ስድስተኛው ምክር ቤት መስከረም 24 ቀን 2014 ሲከፈት የትግራይ 38 ወንበሮች ምርጫ ስላልተካሄደባቸው ባዶ ነበሩ። ወልቂጤና ቡታጅራ በዚያው የሥራ ዘመን፣ በ2015 ዓ.ም.፣ ከደቡብ ክልል ወጥተው በማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ሥር ገቡ፤ ቡታጅራም የምሥራቅ ጉራጌ ዞን መቀመጫ ሆነች። በ2013 የተመረጡት ተወካዮቻቸው ግን ከሌላ ክልል ስም ጋር በያዙት ወንበር ላይ እንደ ተቀመጡ ነበሩ።