ከዱቤ ቅጽ የመረጃ ቋት እንዴት እንደ ሠራሁ

ስለ ኮምፒዩተር የሚጻፈው ነገር አብዛኛውን ጊዜ ከባሕር ማዶ ስለሚጀምር፥ እኔ ከኮምቦልቻ ብጀምር ቅር እንደማትሰኙብኝ ተስፋ አደርጋለሁ።

አክስቴ በኮምቦልቻ ከአውራ ጎዳናው ዳር አነስ ያለ ሱቅ አላቸው። ዘወትር ቅዳሜ ከደሴ ተነሥቼ፥ የሐረጎን ቁልቁለት ወርጄ እረዳቸዋለሁ። ደንበኞቻቸው የሰፈሩ ሰዎች፥ የፋብሪካ ሠራተኞችና የከባድ መኪና ሾፌሮች ናቸው፤ ከእነዚህም አያሌዎቹ ደመወዝ እስኪደርስ ድረስ በዱቤ ይወስዳሉ። ለዚሁም የታተመ የዱቤ ቅጽ አለ፤ በላዩ ስም፥ ስልክ፥ ቀን፥ የዕቃው ዓይነት፥ ዋጋና የተከፈለ የሚሉ ክፍት ቦታዎች ይገኛሉ።

አንድ ቅዳሜ ቅጾቹን ሳገላብጥ ቆይቼ፥ ስኳርና ዘይት ሊገዙ የመጡትን አንድ አዛውንት፥ ሰው በተሰበሰበበት «አባባ፤ የ1,200 ብር ዕዳ አለብዎ» አልኋቸው። ዕዳው ግን የእርሳቸው አልነበረም፤ በራሱም በአባቱም ስም የሚመስላቸው የሌላ ሰው ነበር። ስሙን እዚህ አልጽፈውም፤ በወሎ ብዙ ሰው የሚጠራበት ነው። አዛውንቱ «እኔ የሰው ገንዘብ በልቼ አላውቅም» ብለው የያዙትን ዕቃ አስቀምጠው ወጡ። አክስቴ አልተቈጡኝም፤ ቢቈጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ከዚያ በኋላ ቅጹን ወደ ኮምፒዩተር ለማግባት ቈረጥሁ። መጀመሪያ የሠራሁት ግን ከንቱ ድካም ሆነ። በጽሑፍ መጻፊያው ፕሮግራም ወረቀቱን የሚመስል ቅጽ በመስመር አሳምሬ አወጣሁና፥ ለየደንበኛው አንድ አንድ ፋይል አደረግሁለት። 63 ፋይል ሆነ። አክስቴ «እስቲ ጠቅላላው ዱቤ ስንት ደረሰ?» ቢሉኝ፥ ሁሉንም እየከፈትሁ በስልኬ መደመር ግድ ሆነብኝ። ያማረ ወረቀት ነበር እንጂ የመረጃ ቋት አልነበረም።

ትክክለኛው አካሄድ የዚህ ተቃራኒ ነው። ሊብሬኦፊስ የተባለው ያለ ዋጋ የሚገኝ የቢሮ ሶፍትዌር፥ ቤዝ የሚባል ክፍል አለው። በቤዝ አዲስ ፋይል ከተከፈተ በኋላ አስቀድሞ የሚሠራው ሠንጠረዥ ነው። የወረቀቱ እያንዳንዱ ክፍት ቦታ አንድ ዓምድ ይሆናል፤ እያንዳንዱም ደንበኛ አንድ ረድፍ። በስክሪኑ ላይ የሚታየው ቅጽ የሚሠራው ከዚህ በኋላ ነው፤ ቅጹ የጎተራ በር ነው፥ እህሉ ያለው በሠንጠረዡ ውስጥ ነው።

ነገር ግን ሁሉን በአንድ ሠንጠረዥ ማጐር አይገባም። አንድ ሰው በወር ዐሥር ጊዜ ዱቤ ቢወስድ፥ ስሙንና ስልኩን ዐሥር ጊዜ መጻፍ ይሆናል፤ ዐሥር ጊዜ የሚጻፍ ስም ደግሞ አንድ ጊዜ መሳሳቱ አይቀርም። ስለዚህ አንዱን ሠንጠረዥ ለደንበኞች፥ ሁለተኛውን ለዱቤ አድርጌ በደንበኛው መለያ ቁጥር አያያዝኋቸው። መረጃን እንዲህ በተዛመዱ ሠንጠረዦች የማኖርን ሐሳብ ያፈለቀው የአይ ቢ ኤም ተመራማሪ ኤድጋር ኮድ ሲሆን፥ ጽሑፉን ያወጣው እንደ ኤውሮፓውያን አቈጣጠር በ1970 ዓ.ም. ነው። መለያ ቁጥር ለሁለት ሰዎች ከቶ አይደገምም። የፋይዳ መታወቂያም ለእያንዳንዱ ሰው ባለ 12 አሐዝ ቁጥር የሚሰጠው ስለዚሁ ነው፤ ለሱቅ ግን 1፥ 2፥ 3 እያሉ መቍጠር ይበቃል።

ከሁሉ ያስቸገረኝ ፊደላችን ነው። እኛ «ሐሰን»ንና «ሀሰን»ን አንድ አድርገን እናነባለን፤ ኮምፒዩተር ግን የሚያየው ድምፁን ሳይሆን የፊደሉን ቁጥር ነው። የኢትዮጵያ ፊደል እንደ ኤውሮፓውያን አቈጣጠር በ1999 ዓ.ም. ዩኒኮድ በተባለው የዓለም የፊደላት ሥርዓት ሲገባ፥ ሀ 4608፥ ሐ 4624፥ ኀ 4736 የሚል ቁጥር ተሰጣቸው። ስለዚህ በሐመሩ ሐ የተመዘገበውን ሰው በሃሌታው ሀ ብትፈልጉት «የለም» ይላችኋል። (የአማርኛ መምህራችን ይህን ሲያነቡ ፈገግ እንደሚሉ አውቃለሁ።) እኔም ደንበኛውን ሁሉ ስሙን እንዴት እንደሚጽፍ እየጠየቅሁ መዘገብሁ፤ ስፈልገው ግን በቁጥሩ ወይም በስልኩ ነው።

ስልክ ደግሞ ቁጥር ቢመስልም በጽሑፍ ዓይነት መመዝገብ አለበት፤ አለዚያ መነሻው 0 ይጠፋል። ቀንም እንዲሁ አስቸጋሪ ነው። ቤዝ የሚቈጥረው በፈረንጅ አቈጣጠር ስለ ሆነ፥ ጥቅምት 30ን 30/2 ብላችሁ ብታገቡ፥ የካቲታቸው 30 ቀን ስለሌለው አይቀበላችሁም፤ ጳጉሜንንማ ከናካቴው አያውቃትም። ስለዚህ ቀን፥ ወር፥ ዓመት ብዬ ሦስት የቁጥር ዓምዶች አደረግሁ። መብራት ሲሄድ ድካሙ እንዳይጠፋ ዋናውን ፋይል ቶሎ ቶሎ ማስቀመጥ፥ ቅጂውንም በፍላሽ መያዝ ያስፈልጋል።

ሥራው ካለቀ በኋላ አክስቴ ወደ አዛውንቱ ቤት ይዘውኝ ሄዱና ይቅርታ ጠየቅሁ። እርሳቸውም ቡና አስፈልተው ካስተናገዱን በኋላ፥ «ታዲያ የእኔ ቁጥር ስንት ነው?» አሉኝ። 14 ነበር፤ ያ ስመ ሞክሼያቸው 52 ነው።

የወረቀቱን ቅጽ አክስቴ አልተዉትም፤ መብራት በማይኖርበት ቀን የምንጽፈው በእርሱ ላይ ነው። በቅርቡ እንደገና ሲያሳትሙት ግን፥ ከስም በላይ «የደንበኛ ቁጥር» የሚል ክፍት ቦታ አስጨምረውበታል።