የጠወለገች አበባ ሁሉ አልተጠማችም

ጠዋት ሲነሱ ሳሎን ጥግ ያለችው ፒስ ሊሊ ቅጠሎቿ ተዝለፍልፈው ያገኟታል። እጅዎ ወዲያው ወደ ውሃው ይሄዳል። ትንሽ ይታገሱ! እናቴ አዲስ ቤት ስንገባ የሰጠችኝን አበባ የገደልኩት እንዲህ ተቻኩዬ ነው።

ግራ የሚያጋባው፣ ውሃ የጠማውም ውሃ የበዛበትም ተክል አጠወላለጉ መመሳሰሉ ነው። አፈሩ ሁልጊዜ ከራሰ አየር ያጣል፤ ሥሩ ታፍኖ ይበሰብሳል። የበሰበሰ ሥር ደግሞ ውሃ ውስጥ ተቀምጦም መምጠጥ አይችልም። እኛ ይኼኔ «ተጠማች» ብለን እንጨምርባታለን።

ስለዚህ መጀመሪያ ጣትዎን እስከ ሁለተኛው አንጓ አፈሩ ውስጥ ያስገቡ። ደረቅ ከሆነና ቫዞው ሲያነሱት ከቀለለ ጥማት ነው፤ በደንብ ያጠጧት፣ በጥቂት ሰዓታት ቀና ትላለች። እርጥብ ከሆነ ግን ከነአፈሯ ቀስ አድርገው አውጥተው ሥሯን ይዩት። ጤነኛ ሥር ነጣ ያለና ጠንካራ ነው። ቡናማ፣ ልፍስፍስና የሚሸት ከሆነ የተበላሸውን በንጹሕ መቀስ ቆርጠው በአዲስ አፈር ይትከሏት።

የእኔ ጥፋት ያ የሚያምረው ቫዞ ነበር፤ ከታች ቀዳዳ የለውም። የተጠራቀመውን ውሃ ያየሁት ሥሩ ካለቀ በኋላ ነው። ወሩም ክረምት ነበር። ፀሐይ በሌለበት አፈር ቶሎ ስለማይደርቅ የበጋውን «በየሦስት ቀኑ» ይርሱት።

(ሕፃን ወይም ድመት ካለዎት ከፍ አድርገው ያስቀምጧት፤ ቅጠሏ ሲታኘክ አፍ ያቃጥላል።)

እናቴ በቅርቡ ከራሷ ተክል ከፍላ ሌላ ሰጠችኝ። ከማመስገኔ በፊት የቫዞውን ታች ገልብጬ አየሁ።