ስለ ቤት እሳት፤ የእንጨት ምድጃ አተካከልና አጠባበቅ

እሳትን የማይፈራ የለም፤ ጢስን ግን የሚፈራው ጥቂት ነው። ሕፃን ልጅ እንኳ እሳት አንድ ጊዜ ጣቱን የፈጀው እንደ ሆነ ሁለተኛ ወደ ነበልባሉ አይጠጋም፤ ትልቁ ሰው ግን ዓይኑ እያለቀሰ፤ ደረቱም እየታፈነ በጢስ መካከል ተቀምጦ ሲሞቅ ይኖራል። ስለዚህ በቤት ውስጥ የእንጨት ምድጃ እንዴት እንደሚተከልና እንዴት እንደሚጠበቅ መግለጽ ለቤተ ሰብ ሁሉ የሚጠቅም መስሎ ስለ ታየን ይህን ጽፈናል።

አገራችን ለምድር ወገብ የቀረበች ብትሆንም ደጋው ብርዳም ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር፤ ደብረ ብርሃንም ከ2,700 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ያሉ ከተሞች ናቸውና፤ በሐምሌና በነሐሴ ዝናቡ፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጩ ሰውን ከእሳት ዳር አያርቀውም። ስለዚህ ብዙ ሰው ማታ ማታ የከሰል ማንደጃውን ወደ መኝታ ቤት ያስገባል፤ ብርድ እንዳይገባም በሩን ዘግቶ የመስኮቱን ሽንቁር በጨርቅ ይደፍናል። አደጋውም የሚጀምረው ከዚሁ ነው።

ይህን የምጽፈው ከመጽሐፍ አንብቤ ብቻ አይደለም፤ በራሴ ቤት ደርሶ አይቼዋለሁና ነው። በአንድ የነሐሴ ሌሊት ለማግሥቱ ችሎት የሚያስፈልግ መዝገብ ስገለብጥ እጄ በብርድ ደነዘዘብኝ። ከሰሉ ፍም ሆኖ ጢሱ ካለቀ በኋላ ምን ክፉ ነገር አለው ብዬ ማንደጃውን አስገብቼ በሩን ዘጋሁት። የምጽፍበት ክፍልና ልጆቹ የተኙበት ክፍል በመጋረጃ ብቻ የተለዩ ነበሩ። አንድ ሰዓት ያህል እንደ ቆየሁ ራሴ ከበደኝ፤ ፊደሉም በዓይኔ ላይ ይዋልል ጀመር፤ እኔ ግን ድካም ነው ብዬ ብዕሬን አላስቀመጥሁም። ወዲያው ታናሺቱ ልጄ ከመጋረጃው በስተ ኋላ «አባባ፤ ራሴን አመመኝ» ብላ አስመለሳት። ልነሣ ብል ጕልበቴ ከዳኝ። ከጓዳ የነበሩት አማቴ ድምፁን ሰምተው በሩን በረገዱና «ምነው ልጄ፤ ቤቱን ዘግተህ ልጆቹን ልትፈጅ ነውን?» ብለው ማንደጃውን በነጠላቸው ጫፍ ይዘው ወደ ደጅ አወጡት። እግዚአብሔር ይመስገን፤ ንጹሕ አየር ሲነካን ሁላችንም ነፍስ ዘራን። ሐኪሙም ከመረመረን በኋላ «የነቃችሁት በአምላክ ቸርነት ነው፤ ብዙ ሰው በዚህ እንቅልፍ ከተያዘ በኋላ አይነቃም» አለን።

ይህ የሚገድለው ነገር ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው አየር ነው። ከሰልም ሆነ እንጨት በቂ ነፋስ ሳያገኝ ሲነድ ይወጣል፤ መልክ የለውም፤ ሽታም የለውም። ሰው በተነፈሰው ጊዜ በደሙ ውስጥ የኦክሲጅንን ስፍራ ይይዛል፤ የመጣበቅ ኀይሉም ከኦክሲጅን ከ200 ጊዜ በላይ ስለሚበልጥ ሰውነት የሚኖርበትን አየር ያጣል። ስለዚህ ጢስ የሌለው ቀይ ፍም ከሚጤሰው እንጨት ይልቅ አታላይ ነው፤ ጢሱ አስለቅሶ ከቤት ያስወጣል፤ ይህ ግን ያስተኛል። ዕጣን ቢጤስበት ሽታውን ይለውጠዋል እንጂ መርዙን አያጠፋውም። ራስ ምታት፤ ማቅለሽለሽና መፍዘዝ በአንድ ቤት ያሉትን ሰዎች በአንድ ጊዜ የያዛቸው እንደ ሆነ ፈጥኖ ወደ ደጅ መውጣትና ወደ ሐኪም መሄድ ይገባል። የሚታየውም ጢስ ቢሆን ቀስ ብሎ የሚገድል ነው፤ የዓለም የጤና ድርጅት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2020 ከቤት እሳት በሚመጣ የአየር መበከል ምክንያት በዓለም 3.2 ሚሊዮን ያህል ሰዎች እንደ ሞቱ ገምቷል።

ከዚያ ሌሊት በኋላ ጢስ መውጫ ያለው የብረት ምድጃ ገዛሁ። ምድጃው መልካም ነበር፤ አተካከሉ ግን ክፉ ሆነ። ሠራተኛው ቱቦውን በግድግዳው አሳልፎ ከጣራው ክፈፍ በታች ስለ ተወው ነፋስ በነፈሰ ቍጥር ጢሱ ወደ ቤት ይመለስብን ጀመር። ከ2 ሳምንት በኋላም ከግድግዳው የሚቃጠል ነገር ሸተተን፤ ጭቃውን ብንፍቀው ቱቦው የነካው የባሕር ዛፍ ማገር ጠቍሮ ከሰል ሆኖ አገኘነው። የጭቃ ግድግዳ ሲያዩት አፈር ይመስላል፤ ውስጡ ግን እንጨትና ጭድ ነው። ቀን በቀን በሙቀት የሚደርቅ እንጨትም ውሎ አድሮ በጥቂት ሙቀት የሚያያዝ ይሆናል፤ ስለዚህ «ወር ሙሉ ነደደ፤ ምንም አልሆነም» ማለት ማስረጃ ሊሆን አይችልም።

«ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም» እንደሚባለው፤ ምድጃ ቢለወጥ የጢሱ መንገድ ካልተበጀ ቤት አይድንም። በዚህ ነገር የተሳሳትነው እኛ ብቻ አይደለንም። ቤንጃሚን ፍራንክሊን የተባለው የአሜሪካ ሊቅ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1742 ስሙ እስከ ዛሬ የሚጠራበትን የብረት ምድጃ ሲያወጣ፤ ጢሱ ከመውጣቱ አስቀድሞ ወደ ታች እንዲዞር አድርጎት ነበር። የሞቀ ጢስ ግን ወደ ላይ መውጣት ተፈጥሮው ስለ ሆነ ምድጃው በሚገባ አልሳበም፤ በኋላ የመጡ ሰዎች መንገዱን ወደ ላይ መልሰው አቀኑት። እንግዲህ ምድጃ የሚገዛ ሰው አስቀድሞ ስለ ጢሱ መንገድ፤ ቀጥሎ ስለ ምድጃው ያስብ። ሥርዓቱም የሚከተለው ነው።

1ኛ፤ ስለ ስፍራው። ምድጃው ከእንጨት ሥራ፤ ከመጋረጃ፤ ከአልጋና ከወንበር ቢያንስ 90 ሳንቲ ሜትር ይራቅ፤ የጭቃ ግድግዳም እንደ እንጨት ይቈጠር። ከሥሩ ድንጋይ፤ ጡብ ወይም ሲሚንቶ ይነጠፍ፤ ንጣፉም በምድጃው በር በኩል 45፤ በጎኖቹ 20 ሳንቲ ሜትር ያህል ይትረፍ። ይህም በሩ ሲከፈት ፍንጣሪ በምንጣፍ ላይ እንዳይወድቅ ነው፤ በበዓል ቀን የተጐዘጐዘው ቄጠማም ሲደርቅ ፈጥኖ የሚያያዝ ነውና ከምድጃው ፊት ይጠረግ።

2ኛ፤ ስለ ጢስ መውጫው። ቱቦው ከምድጃው አፍ የጠበበ አይሁን፤ ቢቻል ቀጥ ብሎ ይውጣ፤ መታጠፍ ግድ ቢሆን ከ2 እጥፋት አይለፍ። ነጠላ ቱቦ ከሚነድ ነገር ሁሉ 45 ሳንቲ ሜትር ይራቅ። ኮርኒስና ጣራ በሚያልፍበት ስፍራ ግን ነጠላው አይበቃም፤ በመካከሉ ሙቀትን የሚከለክል ነገር ያለበት ድርብ ቱቦ ያስፈልጋል። ኮርኒሱ ከአቡጀዲ ወይም ከማዳበሪያ ከረጢት የተሠራ ከሆነ በሰፊው ተቈርጦ ዙሪያው በቆርቆሮ ይከበብ። የቱቦው ጫፍ ከጣራው ከሚወጣበት ስፍራ ቢያንስ 90 ሳንቲ ሜትር፤ በ3 ሜትር ዙሪያ ካለው የጣራ ክፍልም 60 ሳንቲ ሜትር ከፍ ይበል፤ ከላዩም ዝናብ የሚከለክል ቆብ ይደረግለት። በደጋ አየሩ ስስ ስለ ሆነ ጢሱን የሚስበው ኀይል ይደክማል፤ ስለዚህ ለቆላ አገር የበቃው ቁመት ለእኛ ላይበቃ ይችላል። በሣር ክዳን ውስጥ ግን ቱቦ ማሳለፍ ፈጽሞ አይገባም።

3ኛ፤ ስለ እንጨቱ። ባሕር ዛፍ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት ወደ አገራችን ከገባ ወዲህ የአዲስ አበባ ሰው ሲያነድ የኖረው ይልቁንም እርሱን ነው። ነገር ግን ትናንት የተቈረጠ እንጨት ብዙ ውሃ የያዘ ስለ ሆነ እሳቱ ኀይሉን ውሃውን በማድረቅ ይጨርሰዋል፤ ጢሱም ይቀዘቅዝና በቱቦው ውስጥ እንደ ዝፍት ያለ ጥቍር ነገር ያጋግራል። ይህ ዝፍት አንድ ቀን የተያያዘ እንደ ሆነ ቱቦው ራሱ እቶን ይሆናል። ስለዚህ እንጨቱ ተፈልጦ ዝናብ በማይነካው፤ ነፋስ ግን በሚያገኘው ታዛ ሥር ዓመት ያህል ይቈይ፤ ርጥበቱ ከ20 በመቶ በታች ሲሆን ይነደድ። ሁለት ፍልጥ ቢያጋጩ የደረቀው ጮኾ ይሰማል፤ የርጥቡ ድምፅ የታፈነ ነው። ቀለም የተቀባ እንጨትና ፕላስቲክ መርዝ ያወጣሉና ወደ ምድጃ አይግቡ።

4ኛ፤ ስለ አነዳዱ። እሳቱ በጭራሮና በደረቅ ስንጣሪ ይጫር እንጂ ጋዝና ቤንዚን አይፍሰስበት። እስኪነጋ ይቈይልኝ ብሎ የነፋስ መግቢያውን ደፍኖ መተኛት ከማንደጃው አደጋ ጋራ አንድ ነው፤ ቤቱም ንጹሕ አየር የሚገባበት ቀዳዳ አያጣ። ካርቦን ሞኖክሳይድ ሲያገኝ የሚጮኽ በባትሪ የሚሠራ ትንሽ መሣሪያ አለና፤ የሚችል ሰው ገዝቶ በመኝታ ቤት አጠገብ ይስቀለው። ለልጆች መከለያ፤ ለድንገተኛም ነገር አንድ ባልዲ አሸዋ ከምድጃው አጠገብ አይታጣ።

5ኛ፤ ስለ ጽዳቱና ስለ አመዱ። ቱቦው ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ፤ ይልቁንም ክረምት ሳይገባ በግንቦት ይጠረግ፤ በውስጡ የጋገረው ጥላሸት 3 ሚሊ ሜትር ከደረሰ ግን ቀን አይቈጠርለት። ቱቦው ውስጥ እሳት ተነሥቶ ሲያገሳ የተሰማ እንደ ሆነ የምድጃው በርና የነፋስ መግቢያው ይዘጋ፤ ቤተ ሰቡ ይውጣ፤ የእሳት አደጋ ሠራተኞች ይጠሩ፤ በጋለው ብረት ላይ ውሃ አይፍሰስ። ስለ አመዱም «የእሳት ልጅ አመድ» ተብሎ ለማይረባ ልጅ ይተረታል፤ ነገር ግን አመድ የአባቱን ፍም በሆዱ ሸሽጎ ቀናት ሊያቈይ ይችላል። ስለዚህ ክዳን ባለው የብረት ዕቃ ይውጣ፤ ዕቃውም ከቤት ርቆ በድንጋይ ላይ ይቀመጥ እንጂ በጆንያ ተደርጎ በግድግዳ ሥር አይተው።

በመጨረሻ የቤት ጌታና እመቤት የሆኑትን አንድ ነገር እንለምናለን። ሳሎኑ በመልካም ምድጃ ሲሞቅ፤ ከግቢው በር አጠገብ ባለችው ጠባብ ቤት የሚያድረው ዘበኛ በምን እንደሚሞቅ የጠየቀ ስንት ነው? በወጥ ቤት የሚተኙትስ በምን ይሞቃሉ? እኛ የተውነው የከሰል ማንደጃ የሚገባው ወደ እነርሱ ቤት ነው፤ ቤቱም ትንሽ ስለ ሆነ መርዙ ፈጥኖ ይሞላዋል። እኔ ራሴ የብረት ምድጃ ባስገባሁ ጊዜ ማንደጃውን ለዘበኛዬ ሰጥቼው ነበር። አማቴ ይህን ሰምተው «ለልጅህ የፈራኸውን ለሰው ልጅ ሰጠኸውን?» ቢሉኝ መልስ አጣሁ። በማግሥቱ ማንደጃውን ተቀብዬ ለእርሱ ወፍራም ብርድ ልብስና ካፖርት ገዛሁለት፤ የቤቱንም በር ከላይ በኩል አየር እንዲያስገባ አስቈረጥሁት። ማንደጃው ዛሬ ለቡና ያገለግላል፤ የሚነደውም በደጅ ነው።

እንግዲህ ዛሬ ማታ በሩን ከመዝጋታችን በፊት ጢሱ በየት እንደሚወጣ፤ ንጹሑም አየር በየት እንደሚገባ እንይ፤ በግቢያችንም የሚያድረውን ሰው ሁሉ ቤት ዞረን እንመልከት።