ፍርስራሽን ማንበብ፦ የራይንፌልስ ግንብ በራይን ወንዝ ሸለቆ



የዛሬው ንግግሬ በምዕራብ ጀርመን፣ በራይን ወንዝ ዳር ስለሚገኝ ራይንፌልስ ስለተባለ የፈረሰ ግንብ ነው። ወደ ጉዳዩ ከመግባቴ በፊት ግን አንድ የራሳችንን ቃል ላስቀድም። በአማርኛ ስለ አሮጌ ግንብ ስንናገር «ፈረሰ» እንላለን። ግሡ አድራጊ አይጠይቅም፤ ግንቡ በገዛ ራሱ፣ ወይም በዝናብና በዘመን ብዛት የወደቀ ያስመስለዋል። «ፍርስራሽ» የሚለው ስምም ከዚሁ የወጣ ስለሆነ አድራጊውን ይሰውራል። የታሪክ ተማሪ ሥራ የሚጀምረው «ፈረሰ» የሚለውን ወደ «አፈረሰ» ለውጦ «ማን?» ብሎ በጠየቀ ጊዜ ነው። በዚህ ንግግር የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ አሳስባለሁ።

በመጀመሪያ ስለ ቦታው። ራይን ከቢንገን ከተማ እስከ ኮብሌንስ ባለው 65 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀት ተራራውን ሰንጥቆ በጠባብ ሸለቆ ውስጥ ይፈስሳል። ግራና ቀኙ ገደል ነው፤ ድንጋዩም በስሱ እየተሰነጠቀ የሚነሣ፣ ወደ ጥቁር የሚያደላ ነው። ፀሐይ በሚያገኘው ወገን ገበሬዎች ለብዙ መቶ ዓመታት እርከን እየሠሩ ወይን ተክለውበታል። ከእርከኑ በላይ፣ በየኮረብታው አፋፍ፣ 40 ያህል ግንቦች ይታያሉ፤ አንዳንዱ ሙሉ፣ አንዳንዱ ግማሽ፣ አንዳንዱ ቅሪት ብቻ ነው። ዩኔስኮ ይህን ሸለቆ በ2002 በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል። በሁለቱም ዳርቻ የባቡር ሐዲድ ስለተዘረጋና በወንዙም ላይ መርከብ ስለሚመላለስ ጎብኚው ግንቦቹን ከታች ሆኖ እንደ ሥዕል ተራ በተራ ሊያያቸው ይችላል። የእኔ ምክር ግን ቢያንስ ከአንዱ ዘንድ በእግር መውጣት ነው፤ ከሩቅ የሚታየው ውበቱ ነውና፤ ታሪኩ የሚነበበው ከግድግዳው ሥር ቆመው ሲያዩት ነው።

ራይንፌልስ የሚገኘው ዛንክት ጎአር ከተባለች ትንሽ ከተማ በላይ ነው። ከባቡር ጣቢያው ተነሥቶ ዳገቱን ለመውጣት ግማሽ ሰዓት አይፈጅም። በጎበኘሁት ጊዜ በመጀመሪያ ያስገረመኝ ስፋቱ ነው፤ አንድ ግንብ ሳይሆን ቅጥር በቅጥር ላይ የተደራረበበት ምሽግ ነው። የመካከለኛው ዘመን ግድግዳ ከኋለኛው የመድፍ ዘመን ምሽግ ጋር ጎን ለጎን ቆሞ ይታያል። ከምድር በታች ደግሞ ጎንበስ ብለው ብቻ የሚያልፉባቸው ጨለማ ዋሻዎች አሉ፤ የምሽጉ ጠባቂዎች እየቀረበ በሚመጣ ጠላት ሥር ባሩድ ለማጥመድ የቆፈሯቸው ናቸው። ወደዚያ የሚሄድ ሰው የእጅ ባትሪ መያዝ ይኖርበታል።

እንዲህ ባለ ቦታ ላይ የቆመ ሰው ሦስት ጥያቄዎችን እንዲያነሣ እሻለሁ። የመጀመሪያው «ወጪውን ማን ከፈለ?» የሚለው ነው።

ራይንፌልስን በ1245 ማሠራት የጀመረው የካትስኤልንቦገኑ ኮንት ዲተር አምስተኛ ነው። ቦታውን የመረጠው ስለ አየሩ ወይም ስለ መልክዓ ምድሩ አልነበረም፤ በዛንክት ጎአር የሚሰበሰበውን የወንዝ ቀረጥ ለማስጠበቅ ነበር። እኛ ኬላ የምንለው ነገር ነው። በሀገራችን የሲራራ ነጋዴ በየመተላለፊያው ለየገዢው ኬላ ይከፍል እንደነበረ ታውቃላችሁ፤ የመተላለፊያው ባለቤት የንግዱ ተካፋይ ነበር። በራይንም አሠራሩ ይኸው ነው። በዚያ ዘመን ሽቅብ የሚጓዝ ጀልባ ከዳርቻው በገመድ እየተጎተተ፣ ቀስ እያለ ይሄድ ስለነበር ከጠባብ ሸለቆ ውስጥ ተሰውሮ ሊያመልጥ አይችልም። በ14ኛው መቶ ዓመት ማብቂያ በወንዙ ርዝመት የነበሩት ኬላዎች ወደ 60 ይጠጉ ነበር። በካውብ አጠገብ ከወንዙ መካከል፣ በደሴት ላይ የቆመው የፋልትስግራፈንሽታይን ግንብም በ1327 ገደማ የተጀመረው ለዚሁ ተግባር ነው። የካትስኤልንቦገን ኮንቶችም ቆየት ብለው ከራይንፌልስ ፊት ለፊት፣ ከማዶው ዳርቻ፣ ዛሬ ካትስ በሚል አጭር ስም የሚታወቀውን ሌላ ግንብ ሠሩ። ያን ጊዜ ወንዙ በሁለት እጆች መካከል ተያዘ።

ስለዚህ የእነዚህ ግድግዳዎች ዋጋ ከወይኑ፣ ከእህሉ፣ ከጨውና ከጣውላው ላይ የተቀነሰ ነው። የመጨረሻው ከፋይ ነጋዴው እንኳ አልነበረም፤ በገበያ ቆሞ ሸቀጡን በውድ የሚገዛው ሰው ነበር። ከተሞቹ ይህን አልታገሡም። ኮንቱ ቀረጡን ከፍ ባደረገ ጊዜ የራይን ከተሞች ኅብረት ጦር አስከትሎ በ1255 ራይንፌልስን ከበበ። ከበባው ከአንድ ዓመት በላይ ቆየ። እኛ «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» እንላለን፤ በዚያ ጊዜ ግን ድሩ ቢያብርም አንበሳው ሳይታሰር ቀረ። ወንዙ ከእንዲህ ያለው ቀረጥ በሕግ ነጻ ለመውጣት እስከ 1868ቱ የማንሃይም ስምምነት ድረስ መጠበቅ ነበረበት።

ሁለተኛው ጥያቄ «ማን አፈረሰው?» የሚለው ነው።

በ1479 ራይንፌልስ የኮንቶቹ ዘር ሲቋረጥ ወደ ሄሰን መሳፍንት ተላለፈ፤ እነርሱም ወደ ታላቅ ምሽግ ለወጡት። በ1689 የሉዊ 14ኛ ሠራዊት በአካባቢው ያሉትን ብዙ ግንቦች ሲያቃጥልና ሲያፈርስ ራይንፌልስ አልተነካም። በ1692 እጅግ የሚበልጥ የፈረንሳይ ኃይል ቢመጣበትም አልተበገረም። ይህ ሁሉ የተቻለው ምሽግ በ1794 ለፈረንሳይ አብዮት ሠራዊት ያለ ውጊያ ተለቀቀ፤ በ1796 እና በ1797 ደግሞ ባለድሎቹ በባሩድ አፈረሱት። ልብ በሉ፦ በመድፍ ያልወደቀው ግንብ የወደቀው ጦርነቱ ካለፈው በኋላ፣ በትእዛዝ ነው።

በዚህም አላበቃም። በ19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ ፍርስራሹ የድንጋይ መውቀሪያ ሆነ። ድንጋዩ እየተጫነ ወደ ኮብሌንስ ሄዶ ኤረንብራይትሽታይን የተባለውን ምሽግ እንደገና ለመሥራት ዋለ። እንግዲህ ዛሬ በራይንፌልስ ባዶ ሆኖ የምናየው ቦታ ሁሉ የባሩድ ሥራ አይደለም፤ ከፊሉ የድንጋይ ጫኚ ሥራ ነው። ሁለቱን ለይቶ ማወቅ ይቻላል። ባሩድ ግድግዳን ከሥሩ ይሰነጥቀዋል፤ የድንጋይ ነቃይ እጅ ግን በመጀመሪያ የሚወስደው ከማዕዘኑና ከመስኮቱ ዙሪያ ያለውን ጥርብ ድንጋይ ነው፤ የሚተወውም በኖራ የተጣበቀውን የውስጥ ሙሊት ነው።

ሦስተኛው ጥያቄ «ማን ጠገነው፣ እንዴትስ ጠገነው?» የሚለው ነው።

የራይን ምድር በ1815 ወደ ፕሩሲያ ከተጠቃለለ በኋላ እነዚህ ፍርስራሾች አዲስ ዋጋ አገኙ። ሠዓልያንና ባለቅኔዎች ሸለቆውን ወደዱት፤ እንግሊዛዊው ሠዓሊ ተርነር በ1817 ተመላልሶበታል። የፕሩሲያ ልዑላንም አሮጌ ግንቦችን እየያዙ በዘመናቸው የመካከለኛው ዘመን ነው ብለው ባሰቡት መልክ አሠሯቸው። ራይንሽታይን ከ1825 ጀምሮ፣ ሽቶልስንፌልስም እስከ 1842 ድረስ በዚህ መንገድ ተሠርተዋል። ዛሬ ከመርከብ ላይ ሆኖ ሽቶልስንፌልስን የሚያይ መንገደኛ የ13ኛውን መቶ ዓመት ያየ ይመስለዋል፤ በብዛት የሚያየው ግን 19ኛው መቶ ዓመት ስለ 13ኛው ያለመውን ሕልም ነው። በዚህ ሸለቆ ካሉት የኮረብታ ግንቦች ሳይፈርስ የቆየ የመካከለኛ ዘመን ግንብ የሚባለው ማርክስቡርግ ብቻ ነው።

የራይንፌልስ ዕድል ከዚህ የተለየ ነው። በ1843 የፕሩሲያው ልዑል ዊልሄልም፣ በኋላ ንጉሠ ነገሥት የሆነው፣ ገዛው፤ ከዚህ በላይ እንዳይፈርስ አደረገ እንጂ እንደ አዲስ አላሠራውም። ከማዶው ያለው ካትስ በ1806 በናፖሊዮን ትእዛዝ ከፈረሰ በኋላ በመቶ ዓመቱ ማብቂያ እንደገና ተሠርቷል። ዛሬ ከራይንፌልስ ቅጥር ላይ ቆሞ ወደ ማዶ ሲመለከቱ ልዩነቱ ግልጽ ነው፦ ያኛው ሙሉ ሆኖ ለጎብኚ የተዘጋ የግል ንብረት ነው፤ ይኼኛው የተሰበረ ሆኖ ክፍት ነው።

ከሁለቱ መንገዶች የትኛው ይሻላል የሚለው ክርክር በጀርመን ምሁራን ዘንድ በ1900 ገደማ የጋለው በሌላ ወንዝ፣ በኔካር ዳር፣ ስላለው የሃይደልበርግ ቤተ መንግሥት ነው። የኪነ ጥበብ ታሪክ ሊቁ ጌኦርግ ዴሂዮ በ1901 የተረፈውን መጠበቅ እንጂ የጠፋውን መልሶ መፈልሰፍ እንደማይገባ ተከራከረ። ይህ አስተሳሰብ በ1964ቱ የቬኒስ ቻርተር ዓለም አቀፍ መርሕ ሆነ፦ ጥገና ግምት ከሚጀምርበት ቦታ ላይ መቆም አለበት።

ይህ ሁሉ ስለ ሩቅ ሀገር ብቻ የተነገረ አይደለም። በአንገረብና በቀሐ ወንዞች መካከል የቆመው የጎንደር ፋሲል ግቢ ከ1979 ጀምሮ የዓለም ቅርስ ነው። ዘመኑ ከራይንፌልስ መመሥረት በአራት መቶ ዓመት ገደማ ቢያንስም የሚያነሣቸው ጥያቄዎች እነዚያው ናቸው። በኢጣሊያ ወረራ ጊዜ ከሕንጻዎቹ አንዳንዶቹ በሲሚንቶ ተጠግነዋል። ሲሚንቶ ጠንካራ ነው፤ ችግሩም ጥንካሬው ነው። ኖራ እርጥበትን ያስተነፍሳል፤ ሲሚንቶ ግን ስለሚያፍነው እርጥበቱ በድንጋዩ በኩል መውጫ ይፈልጋል፣ በጊዜ ብዛትም ድንጋዩን ይልጠዋል። ስለዚህ በቅን ልብ የተደረገ ጥገናም ከአፍራሾቹ ተርታ ሊገባ ይችላል።

ከእናንተ መካከል ነገ በቅርስ ጥገና ውሳኔ ላይ ፊርማውን የሚያኖር ሰው እንደሚኖር አምናለሁ። ያን ጊዜ ግንቡ ውብ እንዲሆን፣ ቶሎ እንዲያልቅ፣ ለበዓል እንዲደርስ የሚገፋፋችሁ ይበዛል። እኔ የምጠይቃችሁ ሦስት ነገር ነው። አንድ ድንጋይ ከመነሣቱ በፊት ያለበት ሁኔታ ይለካ፣ ይሣል፣ ፎቶግራፍ ይነሣ። አዲሱ ሥራ ከአሮጌው ጋር ይስማማ፤ ነገር ግን ቀርቦ ለሚመለከት ሰው ይለይ። የማይታወቀው ክፍል ባዶውን ይቅር፤ ባዶ ቦታ ራሱ ሰነድ ነውና። የራይንፌልስ የጎደሉ ማዕዘናት ስለ ጫኚዎቹ ሊመሰክሩ የቻሉት ማንም በአዲስ ድንጋይ ስላልሸፈናቸው ነው። የፈረሰ ግንብ ዘግይቶም ቢሆን ሊጠገን ይችላል፤ በግምት ተጠግኖ ምስክርነቱን ያጣ ግንብ ግን ማን እንዳፈረሰው እንኳ አይናገርም።