ያገለገለ ቦይለር የሚገዛ ሰው አስቀድሞ ሊያስደርገው ስለሚገባው ምርመራ

የቆዳ፣ የቢራ፣ የጨርቃ ጨርቅ ወይም የስኳር ፋብሪካ ለማቋቋም የሚነሣ ባለኢንዱስትሪ ከሚገዛቸው ዕቃዎች መካከል እንፋሎት የሚያመነጨው ቦይለር አንዱና ዋናው ነው። የአዲሱ ዋጋ ከፍ ያለ በመሆኑም ብዙዎች ያገለገለውን ከውጭ አገር ማስመጣትን ይመርጣሉ። ይህ በራሱ የሚነቀፍ አይደለም፤ በአግባቡ የተያዘ ቦይለር ለብዙ ዓመታት ሊያገለግል ይችላልና። አስቸጋሪው ነገር ሻጩ ዕቃውን በአዲስ ቀለም አስውቦ፣ ፎቶግራፉን ከፕሮፎርማው ጋር አያይዞ ሲልክ፣ ገዢው ያየው ቀለሙን እንጂ ብረቱን አለመሆኑ ነው።

የዚህን ጉዳይ ክብደት ለመረዳት በአሜሪካ አገር በማሳቹሴትስ ግዛት፣ ብሮክተን በተባለችው ከተማ የደረሰውን ማስታወስ ይበቃል። በዚያ ከተማ የግሮቨር ጫማ ፋብሪካ የሚባል ባለአራት ፎቅ የእንጨት ሕንፃ ነበረ። በማርች 20 ቀን 1905 (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ዋናው ቦይለር ከሥራ ውጭ ስለ ነበር በመጠባበቂያነት የተቀመጠው አሮጌው ቦይለር እሳት ተነድዶበት ነበር። ሠራተኞቹ የጧት ሥራቸውን እንደ ጀመሩ አሮጌው ቦይለር ፈነዳ፤ ወለሎቹን ሁሉ እየበሳ በጣራው በኩል ወጣ። ሕንፃው ተደረመሰ፤ በፍርስራሹም ላይ እሳት ተነሣ። 58 ሰዎች ሞቱ፤ የቆሰሉትም ከ100 በላይ ነበሩ።

ብዙ ሰው ይህን የመሰለውን ኃይል ከእሳቱ የመጣ ይመስለዋል። ኃይሉ ግን የተጠራቀመው በውኃው ውስጥ ነው። ውኃ በተዘጋ ዕቃ ውስጥ በ7 ባር ግፊት ሲፈላ ሙቀቱ 170 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ይደርሳል። ዕቃው በድንገት ቢቀደድ ከውኃው ከመቶ 13 ያህሉ በቅጽበት ወደ እንፋሎት ይለወጣል፤ እንፋሎቱም ከተገኘበት ውኃ 1,600 ጊዜ ያህል የበለጠ ቦታ ይፈልጋል። ቦይለሩን ከመሬት አንሥቶ እንደ ጥይት የሚያስወነጭፈው ይህ ነው።

አሮጌው ቦይለር ለምን ተቀደደ? በዚያ ዘመን ቦይለር የሚሠራው ላሜራውን እንደ በርሜል ጠቅልሎ፣ ሁለቱን ጫፎች አደራርቦ በሪቬት በመምታት ነበር። ጫፎቹ ስለሚደራረቡ በርሜሉ ፍጹም ክብ አይሆንም። ግፊቱ ሲጨምር ብረቱ ክብ ለመሆን ይወጠራል፤ ግፊቱ ሲወርድ ደግሞ ወደ ቦታው ይመለሳል። ይህ ለዓመታት ሲደጋገም ላሜራው በመገጣጠሚያው ጠርዝ ላይ እየታጠፈና እየተቃና ይደክማል። ሽቦ በእጁ ደጋግሞ አጥፎ የሰበረ ሰው ሁሉ ነገሩን ያውቀዋል። ስንጥቁ የሚጀምረው ከተደራረቡት ላሜራዎች መካከል ስለ ነበር፣ መርማሪው ከውጭ ቢመለከት ወይም ወደ ውስጥ ገብቶ በፋኖስ ቢፈልግ ሊያገኘው አይችልም ነበር። በዚያች ጧት የሞቱት ሰዎች ከበላያቸው ከነበረው የሥራ ጫጫታ በስተቀር አንዳች የሚያስጠነቅቃቸው ነገር አልነበራቸውም።

ማሳቹሴትስ በ1907 የቦይለር ደንብ የሚያወጣ ቦርድ በሕግ አቋቋመች። የአሜሪካ መካኒካል መሐንዲሶች ማኅበርም የመጀመሪያውን የቦይለር ደንብ በ1914 አዘጋጀ። ዛሬ መገጣጠሚያው በሪቬት ሳይሆን በብየዳ ነው፤ ይሁን እንጂ ብየዳም የራሱ የተሰወረ ስንጥቅ አለው።

በገበያችን እንስራ የሚገዛ ሰው በጣቱ አንኳኩቶ ድምፁን ያዳምጣል፤ ድምፁ የተሰበረ ከሆነ ሸክላው ስንጥቅ አለበት። የዛሬው የብረት መርማሪ የሚሠራውም ከዚህ እምብዛም የራቀ አይደለም፤ ልዩነቱ ድምፁ ለጆሮ የማይሰማ ረቂቅ መሆኑ ነው። አንዲት ትንሽ መሣሪያ በላሜራው ላይ ተደርጋ ድምፅ ትልካለች፤ ድምፁም ከላሜራው ጀርባ ተነጥሮ ይመለሳል። ድምፅ በብረት ውስጥ በሴኮንድ 5,900 ሜትር ያህል ስለሚጓዝ፣ 10 ሚሊ ሜትር ውፍረት ባለው ላሜራ ውስጥ ደርሶ የሚመለሰው ከአንድ ሴኮንድ ሚሊዮንኛ 3.4 ያህል በሆነ ጊዜ ነው። ቶሎ ከተመለሰ ብረቱ በዝገት ሳስቷል፤ ወይም በመካከሉ ስንጥቅ አለ ማለት ነው። ላዩ ላይ ያለውን ቀጭን ስንጥቅ ለማግኘት ደግሞ ብረቱ ማግኔት ይደረግና የብረት ብናኝ ይነሰነስበታል፤ ብናኙም በስንጥቁ አፍ ላይ ይሰበሰባል። በራጅ የሚደረገው ምርመራ በብየዳው ውስጥ የቀረውን ቀዳዳና ዝቃጭ በደንብ ያሳያል፤ ጨረሩን አግድም የሚቆርጥ ቀጭን ስንጥቅ ግን ሊያመልጠው ይችላል። ስለዚህ በአንድ ዘዴ ብቻ ተመርምሮ «ንጹሕ ነው» የተባለ ብየዳ በሌላው ንጹሕ ላይሆን እንደሚችል ገዢው ይወቅ።

ስንጥቅ የሌለበት ብረት ሁሉ ግን ጤነኛ አይደለም። ውኃው በቧንቧ ውስጥ የሚተወው ቅርፊት ሙቀቱን ስለሚያግድ፣ ቧንቧው ከታሰበለት በላይ ይግላል፤ የብረቱም ባሕርይ ይለወጣል። ይህን ለማወቅ የብረቱን ውስጠኛ አቀማመጥ በማይክሮስኮፕ ማየት ያስፈልጋል። ዘዴውን በ1860ዎቹ ያስጀመረው የሼፊልዱ ሊቅ ሄንሪ ሶርቢ ነው፤ ብረቱን እንደ መስታወት ለስልሶ በአሲድ ካስነከረው በኋላ አየው። ዛሬ ቧንቧውን ቆርጦ መውሰድ እንኳ ሁልጊዜ አያስፈልግም፤ አንድ ትንሽ ቦታ እዚያው ተለስልሶና በአሲድ ተነክቶ ቅርጹ በስስ ፕላስቲክ ላይ ይታተምና ወደ ላቦራቶሪ ይወሰዳል። በጤነኛው ብረት ውስጥ እንደ ቅጠል ተደራርበው የሚታዩት መስመሮች ከመጠን በላይ በጋለው ውስጥ ተበጣጥሰው እንደ ጥቃቅን ጥራጥሬ ይታያሉ። እንዲህ ያለው ቧንቧ ከውጭ ሲታይ ምንም አይመስል፤ ጥንካሬው ግን ሄዷል።

ሻጮች አብዛኛውን ጊዜ «በውኃ ግፊት ተፈትኗል» የሚል ወረቀት ያቀርባሉ። ፍተናው መልካም ነው፤ ቦይለሩ በውኃ ተሞልቶ ከሚሠራበት ግፊት አንድ ተኩል እጥፍ እንዲሸከም ይደረጋል። ነገር ግን ስንጥቁ ገና ትንሽ ሳለ ፍተናውን ሊያልፍ ይችላል። ፍተናውም ራሱ ያለ አደጋ አይደለም። በ1965 በእንግሊዝ አገር በዎልቨርሃምፕተን ለአሞንያ ፋብሪካ የተሠራ፣ የግድግዳው ውፍረት ወደ 15 ሳንቲ ሜትር የሚጠጋ አዲስ የግፊት ዕቃ በውኃ ሲፈተን ተሰበረ፤ 2 ቶን ያህል የሚመዝን ቁራጭም 46 ሜትር ያህል ርቆ ወደቀ። ሲመረመር በብየዳው አጠገብ ትናንሽ ስንጥቆች ተገኙ፤ ከብየዳ በኋላ ብረቱን እንደገና አሙቆ የማለዘቡ ሥራም በበቂ ሙቀት አልተፈጸመም ነበር። እንግዲህ ገዢው ከውኃው ፍተና ወረቀት ጋር የብየዳውን ምርመራና የማለዘቡን የሙቀት መዝገብ አብሮ መጠየቅ ይኖርበታል።

ስለ ሰነድ ካነሣን፣ ነጋዴዎቻችን ብዙውን ጊዜ የሚሳሳቱት በዚህ ላይ ስለ ሆነ ጥቂት ማብራራት ይገባል። በአውሮፓ ደንብ ቁጥር 10204 መሠረት የብረት የምስክር ወረቀት ሁሉ እኩል አይደለም። 2.2 የሚባለው የሚመሰክረው ሠሪው በአጠቃላይ ስለሚያመርተው ብረት እንጂ በእጃችሁ ስለሚገባው ላሜራ አይደለም። 3.1 የተባለው የዚያኑ የተላከውን ብረት የፍተና ውጤት ይዞ፣ ከማምረቻው ክፍል ነጻ በሆነ የሠሪው መርማሪ ይፈረማል። 3.2 ደግሞ የገዢው ወይም የሌላ ነጻ መርማሪ ፊርማ ይጨመርበታል። በወረቀቱ ላይ የተጻፈው ብረቱ የቀለጠበት ቁጥር በላሜራው ላይ ከተመታው ቁጥር ጋር አንድ ካልሆነ፣ ወረቀቱ የሌላ ብረት ወረቀት ነው።

ሌተር ኦፍ ክሬዲትም ይህን ስሕተት አያርመውም። ባንኮች የሚመለከቱት ሰነዱን እንጂ ዕቃውን አለመሆኑ ዓለም አቀፉ የንግድ ምክር ቤት ባወጣው ደንብ በግልጽ ተጽፏል። ሰነዱ የተሟላ ከሆነ ባንኩ ይከፍላል፤ ቦይለሩ ጂቡቲ ሲደርስ የሚገኘው ስንጥቅ የገዢው ዕዳ ይሆናል። በጸሐፊው አስተያየት እጅግ ርካሹ መከላከያ፣ በሌተር ኦፍ ክሬዲቱ ውስጥ ከሚቀርቡት ሰነዶች አንዱ ገዢው ራሱ በስም የመረጠው ነጻ መርማሪ ከመጫኑ በፊት የሰጠው የምርመራ ወረቀት እንዲሆን ማስጻፍ ነው። በሻጩ የተመረጠ መርማሪ ለሻጩ ይሠራል ባይባልም፣ ክፍያውን የሚቀበለው ከማን እንደ ሆነ መዘንጋት አይገባም።

ከሰነዶቹ ሁሉ መጨረሻ የሚጠየቀው የውፍረት መዝገብ ነው። ደንበኛ ፋብሪካ በየጊዜው ቦይለሩን ከፍቶ፣ በተመሳሳይ ነጥቦች ላይ ውፍረቱን ለክቶ ይጽፋል። ለምሳሌ 12 ሚሊ ሜትር የነበረው ላሜራ በየዓመቱ 0.3 ሚሊ ሜትር ቢቀንስና ለግፊቱ የሚያስፈልገው ዝቅተኛ ውፍረት 9 ሚሊ ሜትር ቢሆን፣ የቀረው ዕድሜ 10 ዓመት ነው፤ ጠንቃቃ መሐንዲስ ግን በ5ኛው ዓመት እንደገና እንዲመረመር ያዝዛል። ሻጩ ይህን መዝገብ ማቅረብ ካልቻለ፣ ገዢው ዋጋውን ከመነጋገሩ በፊት በራሱ ወጪ ማስለካት ይኖርበታል።