ማርክ የሚያዝበት ይጠናል፦ የሁለተኛ ደረጃ ባዮሎጂ ከተማሪው የሚጠብቀውና ውጤት የሚሰጥበት መንገድ

በየሴሚስተሩ መጨረሻ ወደ ቤት በሚላከው የተማሪ ካርድ ላይ ከባዮሎጂ ትይዩ የሚሰፍረው ቁጥር፣ ለወላጅ ነጠላ ቁጥር ቢመስልም፣ ቴስት፣ የቤት ሥራ፣ የቡድን ሥራ፣ የላብራቶሪ ሥራ፣ የአጋማሽና የማጠቃለያ ፈተና ተደምረው የገቡበት ውጤት ነው። 78 ያመጣች ተማሪ ሁሉንም ሥራ በተቀራራቢ ደረጃ ሠርታ ሊሆን ይችላል፤ ወይም ደግሞ ማጠቃለያ ፈተናው ከ40 የሚታሰብ ሆኖ 19 ብቻ አግኝታበት፣ ከቀሪው 60 ግን በቡድንና በቤት ሥራ እየታገዘች 59 አምጥታ ሊሆን ይችላል። በካርዱ ላይ ሁለቱም 78 ሆነው ይጻፋሉ፤ ተማሪዋ ስለ ባዮሎጂ የምታውቀው ግን በሁለቱ መካከል እጅግ ይለያያል።

መምህር አዲስ ሥራ በሰጠ ቁጥር ከተማሪዎች ፈጥኖ የሚነሣው ጥያቄ «ማርክ ይያዝበታል?» የሚል ነው። ተማሪው ውስን ጊዜውንና ጉልበቱን ትምህርት ቤቱ ዋጋ ወደሰጠው ሥራ ማዞሩ ተገቢ ስለሆነ ጥያቄው እንደ ስንፍና ሊታይ አይገባም። ከዚህ የሚከተለው የትምህርት ቤቱ ኃላፊነት ግን ከባድ ነው፤ ሥርዓተ ትምህርቱ መመርመርንና ማሰብን እጠብቃለሁ እያለ ማርኩ ለሽምደዳ ብቻ የሚሰጥ ከሆነ፣ ተማሪው የሚሰማው ማርኩን እንጂ ሥርዓተ ትምህርቱን አይደለም።

ትምህርቱ ምን ይጠብቃል?

ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ደረጃ በደረጃ ሥራ ላይ በዋለው አዲሱ የኢትዮጵያ ሥርዓተ ትምህርት ባዮሎጂ ራሱን የቻለ የትምህርት ዓይነት ሆኖ የሚሰጠው በሁለተኛ ደረጃ፣ ማለትም ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ነው። በ9ኛና በ10ኛ ክፍል ሁሉም ተማሪ ይማረዋል፤ በ11ኛና በ12ኛ ክፍል ግን የሚማሩት የተፈጥሮ ሳይንስ ዘርፍን የመረጡት ናቸው። በታችኞቹ ክፍሎች የሕያዋን አመዳደብ፣ ሴል፣ መራባት፣ ምግብና ጤና፣ እንዲሁም ሕያዋን ከአካባቢያቸው ጋር ያላቸውን ግንኙነት የሚያጠናው ሥነ ምኅዳር ይቀርባሉ፤ ወደ ላይ ሲወጣ ኢንዛይም፣ የዘር ውርስ፣ በዓይን የማይታዩት ረቂቅ ተሕዋስያን፣ ዝግመተ ለውጥና የአየር ንብረት ለውጥ ይከተላሉ።

ይዘቱ ግን ትምህርቱ ከሚጠብቀው ግማሹ ብቻ ነው። ሌላው ግማሽ በየምዕራፉ መግቢያ በሚሰፍሩት የመማር ውጤቶች ውስጥ ይገኛል፤ እነዚህም ተማሪው ምዕራፉን ሲጨርስ ሊያደርገው የሚችለውን የሚገልጹ ዓረፍተ ነገሮች ሲሆኑ፣ ቁልፋቸው የሚገኘው በግሦቻቸው ላይ ነው። «የሴልን ክፍሎች ይዘረዝራል» የሚለው ማስታወስን ይጠይቃል፤ «የእንስሳንና የዕፅዋትን ሴል ያነፃፅራል» የሚለው መረዳትንና መለየትን፣ «ኢንዛይም በተለያየ ሙቀት የሚኖረውን የሥራ ፍጥነት ይመረምራል» የሚለው ደግሞ ሙከራ አቅዶ መሥራትንና ውጤቱን መተርጎምን ይጠይቃል። አሜሪካዊው የትምህርት ሊቅ ቤንጃሚን ብሉምና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1956 ያሳተሙት፣ በኋላም በሌሎች ምሁራን የተሻሻለው የትምህርት ዓላማዎች አመዳደብ ይህንኑ ልዩነት በስድስት እርከኖች ያስቀምጠዋል፤ በተሻሻለው አመዳደብ እርከኖቹ ማስታወስ፣ መረዳት፣ መተግበር፣ መተንተን፣ መገምገምና መፍጠር ናቸው። መምህራን ፈተና ከማውጣታቸው በፊት ስንት ጥያቄ ከየትኛው ምዕራፍና ከየትኛው እርከን እንደሚወጣ የሚያሳይ የፈተና ዝርዝር ሠንጠረዥ እንዲያዘጋጁ የሚመከሩትም፣ ጥያቄዎቹ ሁሉ በመጀመሪያው እርከን ላይ እንዳይከማቹ ነው።

አንድ ቅጠልና ሦስት ጥያቄዎች

ልዩነቱ በተግባር የሚታየው በአንድ የታወቀ ሙከራ ላይ ነው። ዕፅዋት በብርሃን ኃይል ምግባቸውን የሚያዘጋጁበት ሂደት የሆነው ፎቶሲንተሲስ ብርሃን እንደሚያስፈልገው ለማሳየት፣ በመጀመሪያ በዕቃ የተተከለ ተክል ለአንድ ወይም ለሁለት ቀን በጨለማ ክፍል ይቀመጣል፤ ቀጥሎ የአንዱ ቅጠል ከፊል በጥቁር ወረቀት ከላይም ከታችም ይሸፈንና ተክሉ ለተወሰኑ ሰዓታት ፀሐይ ላይ ይውላል። ከዚያ ቅጠሉ ተቆርጦ በፈላ ውኃ ውስጥ ይነከርና፣ አረንጓዴ ቀለሙ እንዲለቅ በሙቅ ውኃ መካከል በተቀመጠ የአልኮል ብልቃጥ ውስጥ ይገባል፤ አልኮል በቀላሉ ስለሚቀጣጠል በዚህ ጊዜ እሳት በአቅራቢያው መኖር የለበትም። በመጨረሻም ቅጠሉ ለብ ባለ ውኃ ታጥቦ ነጭ ሳህን ላይ ይዘረጋና የአዮዲን ጠብታ ይደረግበታል። ብርሃን ያገኘው ክፍል ስታርች ስላለው ወደ ሰማያዊ ጥቁር ይለወጣል፤ ተሸፍኖ የነበረው ክፍል ግን የአዮዲኑን ቡናማ ቀለም እንደያዘ ይቀራል።

ከዚህ ሙከራ ሦስት ዓይነት ጥያቄ ሊወጣ ይችላል። የመጀመሪያው የፎቶሲንተሲስን ትርጉም መጠየቅ ነው፤ ይህን ሙከራውን ያላየ ተማሪም ከደብተሩ ሸምድዶ ይመልሰዋል። ሁለተኛው ሰማያዊ ጥቁር ቀለም ምን እንደሚያመለክት መጠየቅ ነው፤ ይህም ከማስታወስ ብዙ አይርቅም። ሦስተኛው ተክሉ አስቀድሞ ጨለማ ውስጥ ባይቀመጥ ኖሮ ከሙከራው ምን ዓይነት መደምደሚያ ላይ መድረስ አይቻልም ነበር የሚል ነው። ለዚህ መልስ የሚሰጠው፣ ቅጠሉ ከቀድሞው ቀን ያከማቸው ስታርች በሽፋኑ ሥር ሊገኝ እንደሚችልና በዚያ ጊዜ የተገኘው ስታርች መቼ እንደተሠራ ለማወቅ እንደማይቻል የተገነዘበ ተማሪ ብቻ ነው። ሥርዓተ ትምህርቱ የሚጠብቀው ሳይንሳዊ አስተሳሰብ የሚለካው በዚህ በሦስተኛው ዓይነት ጥያቄ ሲሆን፣ ጥያቄውን ለማቅረብ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም፤ ላብራቶሪ በሌለው ትምህርት ቤት እንኳ ከመድኃኒት ቤት በተገዛ አዮዲን ድንች፣ ቆጮና እንጀራ እየተፈተኑ ተማሪው እንዲተነብይ፣ እንዲያይና እንዲያስረዳ ማድረግ ይቻላል።

ማርኩ እንዴት ይደመራል?

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ተከታታይ ምዘና የሚባለውን አሠራር ወደ ትምህርት ቤቶች አስገብቷል። ተከታታይ ምዘና ማለት ተማሪው በአንድ የማጠቃለያ ፈተና ብቻ ከመዳኘት ይልቅ በሴሚስተሩ ውስጥ በተለያየ ጊዜና መንገድ የሚለካበት አሠራር ነው። የማርኩ አከፋፈል ከክልል ክልልና ከትምህርት ቤት ትምህርት ቤት ይለያያል፤ ለምሳሌ ያህል አንድ ትምህርት ቤት ለቴስቶች 20፣ ለክፍልና ለቤት ሥራ 10፣ ለላብራቶሪና ለቡድን ሥራ 10፣ ለአጋማሽ ፈተና 20፣ ለማጠቃለያ ፈተና 40 ሊመድብ ይችላል። አንድ ተማሪ ከ30 በታረመ ቴስት 24 ቢያገኝ ይህ 80 በመቶ ስለሆነ፣ ከተመደበው 20 ውስጥ 16 ይያዝለታል ማለት ነው። የሁለቱ ሴሚስተሮች አማካይ የዓመቱን ውጤት ይሰጣል፤ በተለምዶም 50 የማለፊያ ነጥብ ተደርጎ ይወሰዳል።

አከፋፈሉ የሒሳብ ጉዳይ ብቻ ቢመስልም የፍትሕ ጥያቄም አለበት። ከአራት እኩል ዋጋ ካላቸው ሥራዎች በሦስቱ 80 እያገኘ አንዱን ባለማቅረቡ ዜሮ የተሰጠው ተማሪ አማካዩ 60 ይሆናል፤ ይህ 60 የተማሪውን የባዮሎጂ ዕውቀት የሚናገር ሳይሆን፣ ዕውቀቱንና ሥራ በጊዜ አለማስረከቡን ቀላቅሎ የሚያቀርብ ቁጥር ነው። በቡድን ሥራም ለሁሉም አባላት አንድ ዓይነት ማርክ ሲሰጥ፣ የሠራውና ስሙን ብቻ ያስጻፈው እኩል ይወጣሉ። ስለዚህ ጥሩ የምዘና ደንብ የሚባለው ዘግይቶ የቀረበ ሥራ ምን ያህል እንደሚቀነስበት፣ በሕመም የቀረ ተማሪ በስንት ቀን ውስጥ እንደሚፈተን፣ በቡድን ሥራ የእያንዳንዱ ድርሻ እንዴት እንደሚለይ፣ የተኮረጀ ሥራም ምን እንደሚያስከትል በሴሚስተሩ መጀመሪያ በጽሑፍ የሚያሳውቅ ነው።

ከሁሉም በላይ ሊታሰብበት የሚገባው በካርዱ ግርጌ የሚጻፈው ደረጃ ነው። «ስንተኛ ወጣ?» የሚለው የወላጅ ጥያቄ ልጁ ከክፍል ጓደኞቹ አንጻር የት እንደቆመ ይናገራል እንጂ፣ ሊያውቅ ከሚገባው ምን ያህሉን እንዳወቀ አይናገርም። ክፍሉ በሙሉ ደካማ ከሆነ አንደኛ የወጣውም ከሚጠበቀው በታች ሊሆን ይችላል፤ ክፍሉ ጠንካራ ከሆነ ደግሞ ሃያኛ የወጣችው ትምህርቱን በሚገባ ጨብጣ ሊሆን ይችላል። የምዘና ባለሙያዎች ተማሪን ከተማሪ ጋር የሚያነፃፅረውን ምዘና አስቀድሞ ከተወሰነ የብቃት መለኪያ ጋር ከሚያነፃፅረው የሚለዩት ለዚህ ሲሆን፣ የመማር ውጤቶችን መሠረት ላደረገ ሥርዓተ ትምህርት የሚስማማው ሁለተኛው ነው።

ያው ወረቀት፣ የተለያየ ማርክ

እ.ኤ.አ. በ1912 ዳንኤል ስታርችና ኤድዋርድ ኤሊየት የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች አንድ ዓይነት የእንግሊዝኛ ፈተና ወረቀት ለብዙ መምህራን ልከው ቢያሳርሙ፣ ለአንዱ ወረቀት የተሰጠው ማርክ ከ64 እስከ 98 ሆኖ አገኙት፤ በቀጣዩ ዓመት የጂኦሜትሪ ወረቀት ሲያሳርሙ ልዩነቱ ከዚያም ሰፋ። በጽሑፍ የሚመለስ የባዮሎጂ ጥያቄም ከዚህ አደጋ ነፃ አይደለም። በተለይ በኢትዮጵያ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት በእንግሊዝኛ ስለሚሰጥ፣ ሐሳቡን እያወቀ በቋንቋው መግለጽ የተቸገረ ተማሪ አንዱ መምህር ዘንድ ማርክ ሲያገኝ ሌላው ዘንድ ሊያጣ ይችላል።

መፍትሔው መምህራን ሩብሪክ የሚሉት፣ ለእያንዳንዱ የመልስ ደረጃ ስንት ማርክ እንደሚሰጥ አስቀድሞ የሚዘረዝር የእርማት መመዘኛ ነው። ከላይ ለተገለጸው የቅጠል ሙከራ ሪፖርት ከ20 ማርክ ቢመደብለት፣ ለዓላማው 2፣ ለግምቱ 3፣ ለአሠራሩ 4፣ ለጥንቃቄው 2፣ ለታየው ውጤት 4፣ ለመደምደሚያው 5 ሊሰጥ ይችላል። በመደምደሚያው ላይ ሙሉ 5 የሚያገኘው የታየውን ቀለም ጠቅሶ ከብርሃን ጋር ያያያዘና ጨለማው ለምን እንዳስፈለገ ያስረዳ ነው፤ ውጤቱን ከብርሃን ጋር አያይዞ ምክንያቱን ያላብራራው 3፣ ያየውን ብቻ የደገመው ደግሞ 1 ያገኛል። መመዘኛው ከሥራው በፊት ለተማሪው ከተሰጠ ፍትሕን ከማስጠበቁም በላይ ራሱ ያስተምራል።

የምርጫ ጥያቄ በበኩሉ አራሚን ከአድልዎ ያድናል፤ ነገር ግን አራት አማራጭ ባላቸው 100 ጥያቄዎች ላይ ምንም ያላነበበ ሰው በግምት ብቻ በአማካይ 25 ሊያገኝ ይችላል። የምርጫ ጥያቄ የግድ ሽምደዳን ብቻ ይለካል ማለት አይደለም፤ የሙከራ ሠንጠረዥ ወይም ግራፍ ቀርቦ ትርጓሜው ከተጠየቀ ማሰብን ይለካል፤ እንዲህ ያለ ጥያቄ ማውጣት ግን ጊዜና ሥልጠና ይፈልጋል።

ካርዱና ብሔራዊ ፈተናው

የ10ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከቀረ በኋላ፣ በሁለተኛ ደረጃ የቀረው ብሔራዊ ፈተና ወደ ዩኒቨርሲቲ የሚያሻግረው የ12ኛ ክፍል ፈተና ብቻ ሆኗል። ፈተናው ለ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች ለመጀመሪያ ጊዜ በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ውስጥ ተሰጥቶ የመግቢያው ነጥብ 50 በመቶ ሲደረግ፣ ይህን ያሟሉት ተፈታኞች በሁሉም ትምህርቶች ድምር 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በ2015 ዓ.ም. 3.2፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ 8.4 በመቶ ሆነዋል። እነዚህ ቁጥሮች የባዮሎጂ ብቻ ባይሆኑም ለባዮሎጂም የሚናገሩት አላቸው፤ እነዚያ ተማሪዎች ከክፍል ክፍል ሲያልፉ በየካርዳቸው ላይ 50ና ከዚያ በላይ ይጻፍላቸው ነበርና። በትምህርት ቤቱ ማርክና በብሔራዊው ፈተና መካከል ይህን የሚያህል ርቀት የተፈጠረው ተማሪው ስለሰነፈ ብቻ ነው ማለት አይቻልም፤ የመማሪያ ቁሳቁስና የመምህራን እጥረት፣ የቋንቋ ችግር፣ እንዲሁም ኩረጃ ለዓመታት ያደረሱት ጉዳት አለ። ቢሆንም በየሴሚስተሩ የሚሰጠው ማርክ እውነቱን ቢናገር ኖሮ፣ ችግሩ 12ኛ ክፍል ሳይደረስ በ9ኛ ክፍል ይታወቅ ነበር።

ማርክ ሊረዳ የሚችለውም በጊዜው ሲነገርና ከማብራሪያ ጋር ሲመጣ ነው። ፖል ብላክና ዲላን ዊሊያም የተባሉ የብሪታንያ ምሁራን እ.ኤ.አ. በ1998 ባሳተሙት ሰፊ ዳሰሳ፣ ትምህርቱ እየተካሄደ ለማሻሻል ተብሎ የሚደረግ ምዘና የተማሪዎችን ውጤት በሚታይ ደረጃ ከፍ እንደሚያደርግ አሳይተዋል። ከእርማት በኋላ «6/10» ብቻ የተጻፈበት ወረቀት ተማሪውን ያስደስታል ወይም ያሳዝናል፤ «የታየውን ጽፈሃል፣ ምክንያቱን ግን አላስረዳህም» የሚል አንድ መስመር ሲጨመርበት ቀጥሎ ምን እንደሚያደርግ ይነግረዋል።

ለዚህ ሁሉም የየድርሻው አለው። ትምህርት ቤት የማርኩን አከፋፈልና ደንቡን በሴሚስተሩ የመጀመሪያ ሳምንት ለተማሪና ለወላጅ ማሳወቅ ይጠበቅበታል። መምህር በየቴስቱ ቢያንስ የተወሰኑ «ለምን» እና «ባይሆንስ» የሚሉ ጥያቄዎችን ማካተትና ለሙከራ ሥራ እውነተኛ ማርክ መመደብ ይችላል፤ ለምርምር ማርክ ከተያዘ ምርምር ይጠናልና። ወላጅም ካርዱ ቤት ሲደርስ ከደረጃው አልፎ ልጁ በፈተናና በተግባር ሥራ ለየብቻ ስንት እንዳገኘ፣ የትኛውን ምዕራፍ እንዳልጨበጠ መጠየቅ ይገባዋል፤ ትምህርት ቤቱ ለእነዚህ ጥያቄዎች በቂ መልስ ካለው ካርዱ ላይ የሰፈረው ቁጥር ሊታመን ይችላል፣ ከሌለው ግን ቁጥሩ ከፍ ማለቱ ብቻ ለልጁ ዋስትና አይሆነውም።