ግድ ሆኖብህ ነው ወይስ አምሮህ?

ይህን ወረቀት ያስጻፈኝ ባለፈው ዓርብ ከጥናት በኋላ ሻይ እየጠጣን አንዲት እህታችን ያነሳችው ጥያቄ ነው። የምትሠራበት ቤት ትልቁ ልጅ ማታ ማታ ፊልም ሲያይ እሷም ልብስ እየተኮሰች በጎን ታያለች። «ጀግናው ክፉውን ሰውዬ እጁ አስገብቶት ሳለ ለምን አይገድለውም? በሕይወት ተወው፤ ሰውየውም ወጥቶ ሌላ ሰው ገደለ። የዚያ ሰው ደም በማን ላይ ነው?» አለችን። መጀመሪያ ሳቅን። ቆይተን ስናስበው ግን የሚያስቅ ጥያቄ አልነበረም።

ያየችው ዴርዴቪል የሚባለውን ተከታታይ ፊልም ነው። ገጸ ባሕርዩን ማርቭል የተባለው የአሜሪካ አሳታሚ በ1964 በሥዕላዊ መጽሔት አወጣው። ፊልሙ ደግሞ በኔትፍሊክስ ከ2015 እስከ 2018 በሦስት ምዕራፍ ታየ (ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። ደም የበዛበት ነው፤ ከሕፃናት ጋር እንዳታዩት።

ታሪኩ በአጭሩ ይህ ነው። ማት መርዶክ ኒው ዮርክ ውስጥ ሄልስ ኪችን በሚባል ሰፈር አደገ። ልጅ ሳለ አንድ ሽማግሌን ከመኪና አደጋ ሲያድን መኪናው የጫነው ኬሚካል ዓይኑን አጠፋው፤ በምትኩ ጆሮው ከሰው ልክ በላይ ሆነ። አድጎ ጠበቃ ሆነ። ማታ ማታ ግን ጭንብል አጥልቆ ወንበዴ ያሳድዳል። ካቶሊክ ነው፣ ካህን ዘንድ ሄዶ ንስሐ ይገባል። ከሌሎቹ ጀግኖች እሱን የመረጥኩት ለዚህ ነው። ባትማንም አልገድልም ይላል፤ ነገር ግን ባትማን በመጀመሪያዎቹ ታሪኮቹ ይገድል ነበር፣ በ1940 አካባቢ እንዳይገድል የከለከሉት አሳታሚዎቹ ናቸው። የማት ክልከላ ግን ከገዛ ሕሊናው የመጣ ነው።

ጠላቱ ዊልሰን ፊስክ ይባላል። ፖሊሱንም ዳኛውንም በገንዘብ ይዟል። ምስክር ቢገኝበት ምስክሩ ይሞታል። ሕግ የማይደርስበት ሰው ማለት ይህ ነው። ደመወዙን ተከልክሎ፣ ፓስፖርቱ ተይዞበት፣ ለማን አቤት እንደሚል ግራ የገባው ሰው የማትን ንዴት ለመረዳት ብዙ ማብራሪያ አያስፈልገውም። ስንቶቻችን ነን ሌሊት ወደ ግድግዳው ዞረን ተኝተን በልባችን ሰው የገደልን?

ማት ፊስክን መግደል እንዳለበት ማሰብ ሲጀምር ወደ ካህኑ ወደ አባ ላንተም ይሄዳል። ካህኑ የዋህ ሰው አይደሉም፤ ሩዋንዳ ውስጥ በእልቂቱ ጊዜ የሆነውን አይተዋል፣ ክፋት የለም ብለው አያጽናኑትም። ነገሩን ለሁለት ከፍለው ነው የሚጠይቁት። የሚያስጨንቅህ መግደል ሳትፈልግ ግድ ሆኖብህ ነው? ወይስ ግድ ሳይሆንብህ መግደል ስለፈለግህ?

እኔ ይህን ስሰማ ፊልሙን አቁሜ ቁጭ አልኩ። ምክንያቱም እኛ ሁሌ የምንጠይቀው ሌላ ነው፤ «ይገባዋል ወይስ አይገባውም?» ነው የምንለው። ፊስክ ሞት አይገባውም የሚል ተመልካች ያለ አይመስለኝም። ካህኑ ግን ስለ ፊስክ አልጠየቁም፤ ስለ ማት ነው የጠየቁት።

መጽሐፍ ቅዱስም ይህን ልዩነት ያውቀዋል። «አትግደል» በሚለው ትእዛዝ ውስጥ ያለው የዕብራይስጥ ቃል በጦርነት ጠላትን ለመግደል የሚነገረው የተለመደ ቃል አይደለም፤ በአብዛኛው ያለ አግባብ ሰው መግደልን ነው የሚያመለክተው። ከዚያ ዘጸአት 22 መጀመሪያ ላይ ስለ ሌባ የተጻፈውን ሕግ ተመልከቱ። ሌባ በሌሊት ቤት ሰርስሮ ሲገባ ተመትቶ ቢሞት፣ የመታው ሰው የደም ዕዳ የለበትም። ፀሐይ ከወጣች በኋላ ከሆነ ግን ዕዳ አለበት። ሌባው ያው ሌባ፣ ጥፋቱም ያው ጥፋት ነው። የተለወጠው ብርሃኑ ነው። በጨለማ የቤቱ ባለቤት ሌባው ስለት ይያዝ አይያዝ አያይም፣ ጎረቤትም ቶሎ አይደርስለትም። ቀን ከሆነ ግን ያያል፣ ይጮኻል፣ ሰው ይሰበሰባል፣ ሌባው ተይዞ የሰረቀውን ይከፍላል። ሌላ መንገድ ካለ መግደሉ ግድ አይደለም ማለት ነው። ዘዳግም 19 ላይ ደግሞ እንጨት ሲቆርጥ የምሳሩ ብረት ወልቆ ባልንጀራውን የገደለበት ሰው መማጸኛ ከተማ ይሰጠዋል። ጠልቶ፣ አድብቶ የገደለው ግን አይሰጠውም።

የቤተ ክርስቲያን አባቶችም በዚሁ መንገድ ሄደዋል። ቶማስ አኩዊናስ በ13ኛው መቶ ዘመን ሕይወቱን የሚከላከል ሰው አጥቂው ቢሞትበት በደለኛ አይደለም ብሏል፤ የተጠቀመው ኃይል ለመዳን ከሚያስፈልገው ካለፈ ግን በደል ነው። ቅዱስ ባስልዮስ ደግሞ በ4ኛው መቶ ዘመን በጦርነት የገደለ ወታደር እንደ ነፍሰ ገዳይ ባይቆጠርም ለሦስት ዓመት ከቅዱስ ቁርባን ቢታቀብ ይሻላል ብሎ መክሯል። ግድ ሆኖ የተደረገው እንኳ እጅን ንጹሕ አድርጎ አይተውም ብሎ ያምን ነበርና።

እንግዲህ ወደ እህታችን ጥያቄ። በሁለተኛው ምዕራፍ ፐኒሸር የሚባል ሰው ይመጣል፤ ስሙ ፍራንክ ካስል፣ የቀድሞ ወታደር ነው። ሚስቱና ሁለት ልጆቹ በወንበዴዎች ተኩስ መሐል ሞተውበታል። እሱ ወንበዴ አያስርም፣ ይገድላል። ማትን ሕንፃ ጣሪያ ላይ በሰንሰለት አስሮ እጁ ላይ አንድ ጥይት ያለው ሽጉጥ በፕላስተር ይጠቀልልበታል። ከዚያ ግሮቶ የተባለውን ወንበዴ ያመጣና ምርጫ ይሰጠዋል፤ እኔን ተኩሰህ ግደለኝ፣ ካልሆነ ይህን ሰው እገድለዋለሁ። ማት ጥይቷን ሰንሰለቱ ላይ ተኮሰና ራሱን ፈታ። ግሮቶ ግን ሞተ።

የፍራንክ ክርክር ቀላል አይደለም። አንተ የምትመታቸው ተነስተው ይመለሳሉ፣ እኔ የምመታቸው አይመለሱም ነው የሚለው። እውነቱን ነው፤ ይመለሳሉ። ማትም ለዚህ የሚያሳምን መልስ የለውም። ደግሞ ሰውን አጥንቱን ሰባብሮ «ብቻ አልገደልኩትም» ማለት ምን ያህል እንደሚያስመካ እኔ አልገባኝም። በዚያ ላይ ማት ሞክሮ ያውቃል! በመጀመሪያው ምዕራፍ ፊስክን ሊገድል ሄዶ የተመለሰው ራርቶለት ሳይሆን ስላልቻለ ነው። ፊልሙ ይህን አይደብቅም፣ ለዚህም ነው የማምነው።

ስለ ደሙ የእኔን ሐሳብ ልንገራችሁ፣ ዓርብ ትከራከሩኛላችሁ። የግሮቶ ደም በተኮሰው በፍራንክ ላይ ነው። «አንተ ካልገደልክ እኔ እገድላለሁ» የሚል ሰው የራሱን ኃጢአት ለሌላ ሰው ሊያሸክም አይችልም። ነገር ግን አለመግደል ማለት መልቀቅ ማለት አይደለም። ክፉን ሰው በሕይወት የተወ ሰው ሥራው ገና አላለቀም፤ መያዝ፣ ማስመስከር፣ ሌሎችን ማስጠንቀቅ ይቀረዋል።

ሦስተኛው ምዕራፍ ላይ ይህ ይታያል። ፊስክ ከእስር ይወጣል። የዴርዴቪልን ልብስ የለበሰ የእሱ ሰው ቤተ ክርስቲያን ገብቶ አባ ላንተምን ይገድላቸዋል፤ የሞቱት አንዲትን ሴት ሲከልሉ ነው። ከዚያ በኋላ ማትን ማን ይይዘዋል? መጨረሻው ላይ ፊስክ ደሙ እየፈሰሰ እጁ ላይ ነው፤ ራሱ ፊስክ ግደለኝ ይላል። ማት መግደል መፈለጉን አይክድም። ግድ እንዳልሆነበት ግን ያውቃል። አልገደለውም፤ ወደ እስር ቤት መለሰው።

ለሚመጣው ዓርብ 1ኛ ሳሙኤል ከምዕራፍ 24 እስከ 26 አንብባችሁ ኑ። ዳዊት በዋሻው ውስጥ የሳኦልን ልብስ ጫፍ ብቻ ቆርጦ መተዉን ሁላችንም እናውቃለን። እኔ እንድታዩልኝ የምፈልገው መካከለኛውን፣ 25ን ነው። የዳዊት ሰዎች የናባልን እረኞችና መንጋ በምድረ በዳ ጠብቀዋል፤ ናባል ግን የሚበላ ሲጠይቁት ሰድቦ መለሳቸው። የለፉበትን ከለከላቸው ማለት ነው። ሳኦልን የማረው ዳዊት 400 ሰው ሰይፍ አስታጥቆ የናባልን ቤት ሊፈጅ ወረደ። አቢግያ 200 እንጀራ፣ ሁለት አቁማዳ ወይን ጠጅና አምስት የተሰናዱ በጎች በአህያ አስጭና መንገድ ላይ ደረሰችለት። ዳዊት በዋሻው ምን ይዞት ነበር፣ እዚህስ ምን ነካው? እንደ አቢግያ መንገድ ላይ የያዛችሁ ሰው ካለም ታሪኩን ይዛችሁ ኑ። ሻዩን ጥያቄውን ያመጣችብን እህት ታፈላለች።